የሚፈራው ሞርፊን፣ የሚደፈረው ትራማዶል

የአንባቢያን ጥያቄና የፋርማሲስቱ መልስ

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል ሦስቱ አንድ የመድኃኒት ቤተሰብን የሚመለከቱ ስለሆኑ በአንድነት አቅርበናቸዋል። ቤተሰቡ ኦፒዮይድ የሚባለው የሕመም ማስታገሻ ሲሆን ሞርፊንን፣ ኮዴይንን፣ ፔቲዲንንና ትራማዶልን ይጨምራል።

ጥያቄ፦ እናቴ የጡት ካንሰር ታማሚ ናት፤ ክትትሏ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ነው። ካንሰሩ ወደ አጥንቷ ስለተሰራጨ ሌሊቱን ስታቃስት ታድራለች። ሐኪሟ የሚጠጣ ሞርፊን አዘዘላት። በቅርቡ ከዋሽንግተን የመጣው አጎቴ ግን «ይህ እኮ እዚያ ስንቱን ወጣት የጨረሰ ነገር ነው፤ ሱሰኛ ልታደርጓት ነው» ብሎ ጠርሙሱን ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፎበታል። ጎረቤቶቻችን ደግሞ ሞርፊን የሚሰጠው ተስፋ ለተቆረጠበት ሰው ነው ይላሉ። ምን እናድርግ? (አስታማሚ ልጅ፣ ከፒያሳ)

መልስ፦ እናትዎን እግዚአብሔር ይማርልዎ። አጎትዎ ያዩትን አይተው ነው የሚናገሩት። ኦክሲኮንቲን የተባለው ኃይለኛ ማስታገሻ እ.ኤ.አ. በ1996 በአሜሪካ ለገበያ ከቀረበ በኋላ ለወገብና ለመገጣጠሚያ ሕመም ጭምር በገፍ ይታዘዝ ነበር፤ በ2007ም የአምራቹ የፐርዱ እህት ኩባንያ፣ መድኃኒቱ ሱስ የማስያዝ አደጋው ዝቅተኛ እንደሆነ አስመስሎ ማስተዋወቁን ፍርድ ቤት ቀርቦ አምኗል። ይሁን እንጂ ይህን ታሪክ አንሥቶ ከእናትዎ አልጋ አጠገብ ማስቀመጥ አይገባም። እዚያ ጥፋት ያደረሰው መድኃኒቱ ለማያስፈልገው ሰው መትረፉ ነበር፤ እኛ አገር ግን ሞርፊንን በሚመለከት እስካሁን የሚያስጨንቀን ለሚያስፈልገው ሰው በበቂ አለመድረሱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ሕመም ማስታገሻ መመሪያውን እ.ኤ.አ. በ1986 ሲያወጣ የሚጠጣ ሞርፊንን ለከባድ ሕመም ዋነኛ መድኃኒት ያደረገው ያለ ምክንያት አይደለም።

ሱስ ማለት አንድ ሰው ጉዳቱን እያየ መድኃኒቱን ከማሳደድ መታቀብ ሲያቅተው ነው። ሕመምተኛዋ ሞርፊን ስትወስድ ከቆየች በኋላ መጠኑ ከፍ ማለቱ፣ በድንገት ቢቋረጥባትም ሰውነቷ መታወኩ የሰውነት መላመድ እንጂ ሱስ አይደለም። ለካንሰር ሕመም በሐኪም ክትትል በሚወስዱ ሰዎች ላይ ሱስ ሊከሰት ቢችልም ሐኪሙ ይህን እያየ ይከታተለዋል፤ ስለዚህ አንዲትን እናት ሌሊቱን ሙሉ ለማስጮህ በቂ ምክንያት አይሆንም። ሞርፊን መጀመሯም የቀራትን ዕድሜ የሚናገር አይደለም። ሕመሙ ሲታገሥላት የምትበላና የምትተኛ፣ ሰው ሲጠይቃት ቁጭ ብላ የምታወራ ከሆነ መድኃኒቱ ሥራውን ሠርቷል ማለት ነው።

ጥንቃቄ የሚያሻው አሰጣጡ ላይ ነው። የሚጠጣ ሞርፊን የሚሠራው ለአራት ሰዓት ያህል በመሆኑ ሕመሙ እስኪመለስ አይጠበቅም፤ ሐኪሙ በየአራት ሰዓቱ ብሎ ካዘዘ ለምሳሌ ጠዋት 12 ሰዓት፣ ረፋድ 4 ሰዓት፣ ቀን 8 ሰዓት፣ ምሽት 12 ሰዓትና ማታ 4 ሰዓት ላይ ይሰጣል። የማታ 4 ሰዓቱን እጥፍ አድርጎ ሌሊት መቀስቀስን ማስቀረት የተለመደ አሠራር ነው፤ የሚወስነው ግን ሐኪሟ እንጂ እርስዎ አይደሉም። በጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ሁለት ጊዜ ያንብቡ። ሚሊ ግራም የመድኃኒቱ መጠን ነው፤ ሚሊ ሊትር የፈሳሹ ልክ ነው። በአንዳንዱ ጠርሙስ 5 ሚሊ ሊትር ውስጥ ያለው ሞርፊን 5 ሚሊ ግራም ሲሆን በሌላው 1 ሚሊ ሊትር ብቻ 10 ሚሊ ግራም ይይዛልና ሁለቱን ማምታታት ሕይወት ያጠፋል። ፋርማሲስቱ መርፌ የሌለው ሲሪንጅ እንዲሰጥዎና የሚሰጡበትን መስመር በእስክሪብቶ እንዲያሰምርልዎ ይጠይቁት፤ በቡና ማንኪያ አይለኩ።

ማቅለሽለሽና ማንቀላፋት በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያስቸግራሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ቀስ በቀስ ይተዋሉ። የሆድ ድርቀት ግን ሞርፊኑ እስካለ ድረስ አይለቅም፤ ስለዚህ የሚያለሰልስ መድኃኒት ከመጀመሪያው ቀን አብሮ እንዲታዘዝላት ያድርጉ። ብዙ እናቶች ሞርፊን አልስማማኝም ብለው የሚተዉት በዚህ ድርቀት ምክንያት ነው። በጾም ወቅት እስከ ዘጠኝ ሰዓት መድኃኒት አልቀምስም ካሉ የንስሐ አባታቸውን ያነጋግሩ፤ ከእኔ ይልቅ እርሳቸውን ይሰማሉ። አጎትዎ የቆለፉበት ቁም ሣጥን ግን ጥሩ ቦታ ነው። ቁልፉ ከአስታማሚዋ ጋር ይሁንና ጠርሙሱ እዚያው ይቀመጥ፤ ቤት ውስጥ ሕፃን ወይም ጎረምሳ ካለ ደግሞ ይህ ግዴታ ነው።

ጥያቄ፦ ካዛንቺስ አካባቢ በሕንፃ ሥራ የምተዳደር የ27 ዓመት ወጣት ነኝ። ወገቤን ሲያመኝ አንድ ጓደኛዬ ትራማዶል ሰጠኝ፤ ሕመሙ ብቻ ሳይሆን ድካሙም ጠፋልኝ። አሁን ባለ 50 ሚሊ ግራሙን በቀን አሥር ፍሬ እወስዳለሁ፤ ጫት የቃምኩ ዕለት ደግሞ ለጨብሲ ከቢራ ጋር እደርብበታለሁ። ባለፈው ወር ሥራ ላይ ወድቄ እንደተንፈራገጥኩ ነገሩኝ። ላቆም ስል ላብ፣ ቁርጠትና እንቅልፍ ማጣት ያሠቃየኛል። (ማቆም የፈለገ)

መልስ፦ አሥር ፍሬ 500 ሚሊ ግራም ነው። ለአዋቂ ሰው በቀን የተፈቀደው ከፍተኛ መጠን 400 ሲሆን እሱም በሐኪም ትእዛዝ ነው። ትራማዶል እንደ ሞርፊን ሕመምን ከማፈን ሌላ ሴሮቶኒንና ኖርአድሬናሊን የተባሉት ንጥረ ነገሮች አንጎል ውስጥ እንዲቆዩ ያደርጋል፤ ያ ድካምዎን ያጠፋልዎት መነቃቃት የመጣው በከፊል ከዚህ ነው፤ የሚጥል በሽታ የመሰለ መንፈራገጥ የማስከተል ጠባይም አለው። መጠኑ ሲጨምር፣ መጠጥ ሲደረብበት ወይም እንደ አሚትሪፕቲሊንና ፍሉኦክሴቲን ካሉ የድብርት መድኃኒቶች ጋር ሲወሰድ አደጋው ያይላል። መርምረው እስኪነግሩዎ ድረስ ከፍ ካለ መወጣጫ ላይ አይውጡ።

በራስዎ ጊዜ በአንድ ቀን ቆርጦ መተው ግን አልመክርም። የሚያሠቃይዎ ላብና ቁርጠት ከመጨረሻው ፍሬ በኋላ ባለው ቀን ጀምሮ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ይበረታል፤ በትራማዶል ላይ ከፍተኛ ፍርሃትና የሌለ ነገር ማየትም ሊጨመርበት ይችላል። መጠኑ በሐኪም እጅ ደረጃ በደረጃ ሲቀነስ ይህ ሁሉ ይቀልላል። ከወደቁ ወዲህ ያልታዩ በመሆንዎ ነገ ዛሬ ሳይሉ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ፤ ለሱሱ ሕክምናም አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልን መጠየቅ ይችላሉ። ጫቱንና ጨብሲውንም ሳይደብቁ ይንገሯቸው፤ ሕክምናው በዚያ ላይ ይመሠረታል። አብሮዎት የሚያድር ጓደኛ ደግሞ አንድ ነገር ይወቅ፦ ተቀስቅሰው የማይነቁ፣ አተነፋፈስዎ የሚዘገይ፣ የዓይንዎ ብሌን እንደ መርፌ ጫፍ የሚጠብ፣ ከንፈርዎ የሚጠቁር ከሆነ በጎንዎ አስተኝቶ በ907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ ይጥራ። እንዲህ ያለውን እንቅልፍ «ይተኛና ይለቀዋል» ብሎ መተው ብዙ ሰው አሳጥቷል።

እርስዎ ጋ እንዴት በቀላሉ ደረሰ ለሚለው መልሱ እኛን ባለሙያዎችን አያስከብርም። ሞርፊን እ.ኤ.አ. በ1961 በወጣው የአደንዛዥ ዕፆች ስምምነት ሥር ስላለ ልዩ ማዘዣ፣ የተቆለፈ ካዝናና መዝገብ አለው። ትራማዶል በዚያ ስምምነት ዝርዝር ውስጥ የለም፤ በማዘዣ ብቻ የሚሸጥ ቢሆንም ከሌላው ጋር መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል፤ ማዘዣ ሳይጠይቅ በፍሬ ቆርሶ የሚሸጥ ደግሞ አልጠፋም። ገዢው ተቆጥቶ ወደ ጎረቤት ፋርማሲ ቢሄድም እምቢ ማለት የሙያው ግዴታ ነው።

ጥያቄ፦ በኦፕራሲዮን ከወለድኩ በኋላ የተረፈኝ ትራማዶል አለ። የ9 ዓመቱ ልጄ ጥርሱን አሞት ሲያለቅስ ግማሹን ብሰጠው ምን አለበት? እኔስ እያጠባሁ ብወስደው? (እናት፣ ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ አይስጡት፤ እርስዎም አይውሰዱ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2017 ኮዴይንንና ትራማዶልን ከ12 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ከልክሏል፤ ለሚያጠቡ እናቶችም እንዳይሰጡ አስጠንቅቋል። እኛ ኢትዮጵያውያን ደግሞ ከሌላው በላይ መጠንቀቅ አለብን። ጉበት ኮዴይንን ወደ ሞርፊን፣ ትራማዶልንም ወደ በረታው ቅርጹ የሚለውጠው በአንድ ኢንዛይም አማካይነት ሲሆን በአንዳንድ ሰው ላይ ይህ ኢንዛይም በዘር የተነሣ እጅግ ፈጣን ነው። በቻይናና በጃፓን እንዲህ ያለው ሰው ከመቶ አንድ ቢሆን ነው፤ በሰሜን አፍሪካ፣ በኢትዮጵያና በዓረብ አገሮች ሰዎች ዘንድ ግን ከመቶ ከ16 እስከ 28 ይገመታል። ለሌላው ልከኛ የሆነው መጠን ለእንዲህ ያለው ልጅ ትንፋሽ የሚያፍን ሊሆን ይችላል፤ በጡት ወተት በኩልም ወደ ሕፃኑ ያልፋል። የትኛው ልጅ ፈጣን እንደሆነ በመልኩ አይታወቅም፤ ግማሽ መስጠትም ዋስትና አይሆንም።

ለጥርሱ በክብደቱ ልክ የተሰላ ፓራሲታሞል ይስጡትና ለጥርስ ሐኪም ያሳዩት። ከዚህ በፊት ሰጥተውት ከነበረና ልጁ ከወትሮው በላይ ካንቀላፋ ወይም ሲተነፍስ ካጣጣረው ሳይውል ሳያድር ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱት፤ የመድኃኒቱን ማሸጊያም ይዘው ይሂዱ። የተረፈውን ትራማዶል ለሌላ ቀን ብለው አያስቀምጡት፤ ወደ ገዙበት ፋርማሲ ወስደው እንዲያስወግዱልዎ ይጠይቁ።