የ140 ፓውንዱን ፈረስ በገዛ እጄ ሰጥቻለሁ

ሰላም ወንድሜ። «ግራንድ ናሽናል እየደረሰ ነው፣ ሥራ ቦታ ወሬው ሁሉ እሱ ሆኗል፤ ያለፉትን አሥር ዓመታት አሸናፊዎች ሰንጠረዥ ይዤ የማይገጥሙትን ፈረሶች እየሰረዝኩ የቀረው ላይ 20 ፓውንድ ባስይዝ ያዋጣኛል ወይ?» ብለህ ጠይቀሃል። ከእኔ በፊት ከመለሱልህ ግማሾቹ «ቁማር ነው፣ ተወው» ብለውሃል። ልክ ናቸው፣ ባለቤቴም የምትለኝ ይህንኑ ነው። ግማሾቹ ደግሞ «ስሙ ደስ ያለህን ምረጥ» አሉህ። እኔ ግን አንተ ያሰብከውን ነገር በቀይ እስክሪብቶ ቁጭ ብዬ የሠራሁ ሰው ነኝ፤ እና ዝም ብዬ ላልፍህ አልቻልኩም።

ግራንድ ናሽናል ሊቨርፑል፣ ኤይንትሪ ሜዳ ላይ የሚደረግ የፈረስ ውድድር ነው፤ ሰባት ኪሎ ሜትር ሊሞላ ትንሽ የቀረው ሩጫ፣ 30 ዝላይ፤ ይህን ታውቀዋለህ ብዬ ልለፈው።

1. መጀመሪያ ረድፎቹን ቁጠራቸው። «የአሥር ዓመት አዝማሚያ» ሲባል ትልቅ ጥናት ይመስላል። ውድድሩ እኮ በዓመት አንዴ ነው፤ አሥር ዓመት ማለት አሥር ፈረስ ማለት ነው። ደግሞ ሰንጠረዡ ያሸነፉትን እንጂ የተሰለፉትን አይነግርህም። «ከ1951 ወዲህ ባዝራ አሸንፋ አታውቅም» ይልሃል። እውነት ነው፣ የመጨረሻዋ ኒክል ኮይን ናት። ግን በየዓመቱ ስንት ባዝራ ተሰለፈች? እፍኝ አይሞሉም። ካልተሰለፈች በምን ታሸንፍ?

2. ዕድሜ። እኔ የተቃጠልኩት እዚህ ላይ ነው፣ ስለዚህ ትንሽ ታገሰኝ።

2022 ነው። ያኔ ዋሪንግተን አጠገብ አንድ መጋዘን ውስጥ ነበር የምሠራው። እንደ ብዙ ሥራ ቦታ ገንዘብ አዋጥተን የፈረስ እጣ አወጣን። ተሰላፊዎቹ 40 ነበሩ፣ እኛ 20 ሰው፤ ለእያንዳንዳችን ሁለት ሁለት ፈረስ፣ ለአንዱ 5 ፓውንድ። ድምሩ 200 ሆነ፤ ለአንደኛ 140፣ ለሁለተኛ 40፣ ለሦስተኛ 20። ስሞቹን አጣጥፈው የራስ መከላከያ ቆብ ውስጥ ጨመሯቸውና እየዞሩ አወጣን። ለእኔ ከደረሱኝ አንዱ ኖብል ዬትስ ነበር።

እኔ ደግሞ ከጋዜጣ የቆረጥኩትን ሰንጠረዥ ሳምንቱን ሙሉ ኪሴ ይዤ ስዞር ነበር የከረምኩት። ኖብል ዬትስ የ7 ዓመት ፈረስ ነው። ሰንጠረዡ ደግሞ የ7 ዓመት ፈረስ ለመጨረሻ ጊዜ ያሸነፈው በ1940 ነው ይላል፣ ቦግስካር። 1940 በእኛ 1932 ዓ.ም ነው፤ እኔ የእንጅባራ ልጅ ነኝና ያንን ዓመት አልረሳውም፣ የአገው ፈረሰኞች ማህበር የተመሠረተበት ነው። እንግዲህ የአያቶቼ ማህበር ከተመሠረተ ጀምሮ የ7 ዓመት ፈረስ አላሸነፈም ማለት ነው! ከሰማንያ ዓመት በላይ! ከዚህ የበለጠ ምን ማስረጃ አለ ብዬ የሰባት ዓመቶቹን በሙሉ ሰርዤ ጨረስኩ።

አጠገቤ የሚሠራው ፖላንዳዊ ኤኒ ሰከንድ ናው ደርሶት ነበር። የ10 ዓመት ፈረስ ነው፣ በ2021 ሦስተኛ የወጣ፣ ብዙ ሰው ያስያዘበት። ሰውየው ስለ ፈረስ ደንታ የለውም። «እንቀያየር?» አልኩት። ትንሽ አየኝና «ምን ትጨምራለህ?» አለ። 10 ፓውንድ ጨመርኩለት። አዎ፣ እኔ ነኝ የጨመርኩት።

ቅዳሜ ትርፍ ሰዓት ገብተን ነበር፤ ሁዳዴ ነው፣ ሽሮዬን ከፍቼ ስልኬን ሳጥን ላይ አስደግፌ ነው የማየው። ከመነሳታቸው በፊት በሰልፍ ሲያልፉ ኖብል ዬትስን ሳየው፣ አልዋሽህም፣ ሆዴን አንድ ነገር አለው። ፈረስ መሐል ያደገ ሰው ነኝ፣ የሚንቀለቀልና የተረጋጋ ፈረስ እለያለሁ። ግን ሰንጠረዡ ኪሴ ውስጥ ነው፤ ዓይኔን ትቼ ወረቀቱን አመንኩ። መጨረሻው ዝላይ ላይ ከሁሉም ተነጥለው ሁለቱ ብቻ ቀሩ፤ የሰጠሁትና የወሰድኩት። ከዚያ በኋላ ያለው ሜዳ ወደ 450 ሜትር ይሆናል፣ ዝላይ የለውም፣ ጉልበት ብቻ ነው። ኖብል ዬትስ ሁለት የፈረስ ርዝመት ያህል ቀድሞት ገባ። ኦዱ (የክፍያው ምጣኔ) 50 ለ 1 ነበር፤ አንድ ፓውንድ ላስያዘ 50 ትርፍ ማለት ነው። ጋላቢው ሳም ዌሊ-ኮኸን ደግሞ አማተር ነው፣ ከዚያች ሩጫ በኋላ ጡረታ የወጣ። ይኸውልህ፣ 40 ፓውንድ «አሸነፍኩ»፤ አሥሩ ቀድሞ ሄዷል። ፖላንዳዊው ሰኞ ዕለት ለሁሉም ዶናት ገዝቶ መጣ፤ ጾም መሆኑን እያወቀ አንዱን እኔ ፊት አስቀመጠው።

ስህተቴ የት እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው። «ምን ሆኖ ያውቃል?» ብዬ እንጂ «ለምን?» ብዬ አልጠየቅኩም። ከ2003 እስከ 2014 ያሉትን አሸናፊዎች እያቸው፤ ሁሉም 9 ዓመትና ከዚያ በላይ ናቸው፣ የ12 ዓመት ሽማግሌም አለበት፣ አምበርሊ ሐውስ በ2004። ከ2015 እስከ 2025 ያሉትን አሥር ውድድሮች ደግሞ ተመልከት (2020 በኮሮና ተሰርዟል)፤ ስድስቱ 8 ዓመት፣ ሦስቱ 9፣ አንዱ 7። የ10 ዓመት ፈረስ የሚባል የለም! ምን መጣ? ከ2013 ጀምሮ የመሰናክሎቹ ውስጥ የነበረው ጠንካራ እንጨት ወጥቶ በሚተጣጠፍ ፕላስቲክ ተተካ፤ ርቀቱም አጠር ተደረገ። ድሮ ያንን መሰናክል ያለ ጉዳት ለመዝለል ብዙ ያየ አሮጌ ፈረስ ያስፈልግ ነበር፤ አሁን ፈጣን ወጣት ይበቃዋል። ምክንያቱ ሲፈርስ አዝማሚያው አብሮ ፈረሰ ማለት ነው። እኔ የተሰረዘ ሕግ ይዤ ነበር የምሟገተው።

3. ጭነት። ጥሩ ለተባለ ፈረስ ከባድ ጭነት ይመደብለታል፣ ለደካማው ቀላል። ድሮ ወርቅ የነበረ ሕግ አለ፤ ከ1983ቱ ኮርቢየር በኋላ እስከ 2005ቱ ሄጅሀንተር ድረስ ከ11 ስቶን በላይ (70 ኪሎ ገደማ) የተሸከመ ፈረስ አላሸነፈም። ይህንንም አምኜ ነበር፤ አንዴ ተቃጥሎ የማይማር ሰው አለ፣ እኔ ነኝ። በ2024 የካቲት ላይ ጭነቱ ሲታወጅ ከታች በኩል ቀላል የተመደበለትን አንዱን መርጬ 50 ፓውንድ አስያዝኩ። ቀደም ብለህ ስታስይዝ ኦዱ ከፍ ይላል፣ ያ ነው ያጓጓኝ። ያላነበብኩት ነገር ቢኖር ከዚያ ዓመት ጀምሮ የተሰላፊው ቁጥር ከ40 ወደ 34 መውረዱን ነው። ቦታ ሲጠብ የሚወጡት ደግሞ ከታች ያሉት ናቸው። የእኔንም ፈረስ ቦታ እንደማያገኝ ሲያውቁ ባለቤቶቹ ቀድመው ከውድድሩ አወጡት። አልተሸነፈም፣ አልወደቀም፣ አልሮጠም!

ሄድኩ ቤቲንግ ቤቱ። ያልሮጠ ፈረስ ብር ይመለሳል ብዬ እኮ ነው፣ ከሥራ አስፈቅጄ። መስታወቱ ጀርባ ያለው ልጅ ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። ቲኬቴን በሁለት ጣቱ ገልብጦ በእስክሪብቶ ጫፍ አንዷን መስመር ነካ ነካ አደረጋት፤ ካልሮጠ አይመለስም የምትል፣ የትንኝ እግር የምታህል ጽሑፍ። «ማንበብ ትችላለህ?» አለኝ። እዚህ አገር 14 ዓመት ሠርቻለሁ፣ ልጆቼን ዩኒቨርሲቲ አስገብቻለሁ፣ «ማንበብ ትችላለህ» ተባልኩ። በአማርኛ የመለስኩለትን እዚህ አልጽፈውም። ለአንተ የሚጠቅምህ ግን ይህ ነው፤ ቀደም ብለህ የምታስይዝ ከሆነ «ካልሮጠ ብር ይመለሳል» የሚል ውል መኖሩን አስቀድመህ ጠይቅ፣ ከሌለ ሩጫው ቀን ድረስ ጠብቅ።

ለነገሩ ገብቶም ቢሆን አያዋጣኝም ነበር። በ2024 ያሸነፈው አይ አም ማክሲመስ ወደ 73 ኪሎ ተሸክሞ ነው፤ የ2025ቱ ኒክ ሮኬት ከእሱም ትንሽ በለጠ። ቀላል የተጫነላቸው በር ላይ ሲቀሩ ከባዶቹ ናቸው ውስጥ የሚቀሩት። እንደገና ምክንያቱ ተቀየረ፣ ሰንጠረዡ አልተቀየረም።

ታዲያ ምን ቀረኝ? የማምነው አንድ ነገር አለ፣ አየርላንድ። ከላይ ካልኩህ አሥር ውድድሮች ሰባቱን የወሰዱት አየርላንድ ውስጥ የሠለጠኑ ናቸው። ሁለቱን የስኮትላንዷ አሠልጣኝ ሉሲንዳ ራስል፣ እንግሊዝ አንድ ብቻ፣ ሜኒ ክላውድስ በ2015። ይህን የማምነው ቁጥሩ ስላማረኝ አይደለም፤ ምክንያቱ አሁንም በቦታው ስላለ ነው። ጥሩ ጥሩዎቹን ፈረሶች የሰበሰቡት የዚያ አገር ጋጣዎች ናቸው። በ2025 የአየርላንዱ አሠልጣኝ ዊሊ መሊንስ ከአንድ እስከ ሦስት ያለውን ብቻውን ጠቅልሎ ወሰደ፣ አንደኛውን የጋለበው የገዛ ልጁ ፓትሪክ ነው፤ ያ ሁሉ ዋንጫ የሰበሰበ ሰውዬ ካሜራ ፊት እንባው መጣ። ሌላው፣ ፈረሱ ከዚህ በፊት 5 ኪሎ ሜትር አካባቢና ከዚያ በላይ ሮጦ መጨረሻው ላይ አለመድከሙን እይ። ኦዱን ተወው፣ ከ4 ለ 1 እስከ 50 ለ 1 ያሉት ሁሉ አሸንፈዋል። ያለፈው ዓመት አሸናፊም ብቻውን ዋስትና አይሆንህም፤ የ2023ቱ ኮራክ ራምብለር በ2024 የመጀመሪያው ዝላይ ላይ ጋላቢውን ጥሎ ብቻውን ሲሮጥ ነው ያየነው።

20 ፓውንድህን በ«ኢች ዌይ» አድርገው፤ ግማሹ ለማሸነፍ፣ ግማሹ ከፊተኞቹ መሐል ለመግባት። ቆጣሪው ጋ ስትደርስ ግን «10 ፓውንድ ኢች ዌይ» በል፤ «20 ኢች ዌይ» ካልክ 40 ነው የሚቆርጡብህ፣ ወንድሜ ይህንንም ከፍዬ ነው የተማርኩት። እስከ ስንተኛ ደረጃ ድረስ እንደሚከፍሉም ጠይቅ፣ ከቤት ቤት ይለያያል። ሰዓቱ አሁን ወደ 4 ተዛውሯል፣ በእኛ 10 ሰዓት መሆኑ ነው፤ እንደ ድሮው ከአምስት በኋላ ነው ብለህ እንዳትዘናጋ።

ሥራ ቦታ እጣ ከወጣ ደግሞ የደረሰህን ያዝ፣ ከማንም ጋር አትቀያየር። የድሮው ሰንጠረዥ እስካሁን ቦርሳዬ ውስጥ አለ፤ ከፈለግክ በውስጥ ፎቶውን እልክልሃለሁ። ኖብል ዬትስ የሚለውን ስም ግን አታነበውም፤ ቀዩን መስመር ደግሜ ደጋግሜ ስላሰመርኩበት ወረቀቱ እዚያ ጋ ተቀዷል።