ውሹ ስፖርት ነው ወይስ ጭፈራ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። ታናሽ ወንድሜ ውሹ የሚባለውን የቻይና ማርሻል አርት ይሠራል፣ ሁለት ዓመት ሆነው። ግቢያችን ውስጥ ፍራሽ አንጥፎ ሲገለባበጥና አየር ላይ ሲሽከረከር የሰፈር ልጆች አጥር ላይ ተንጠልጥለው ያዩታል። እኔ ደግሞ የቴኳንዶ ልጅ ነኝ። ቀይ ቀበቶ አለኝ፣ የፊት ጥርሴንም ያጣሁት እዚያው ስፓሪንግ (የልምምድ ፍልሚያ) ላይ ነው። ባለፈው እራት ላይ «ያንተ ጭፈራ ነው፣ ሰው ቢመታህ ምን ልታደርግ ነው፣ ልትገለበጥለት?» አልኩትና ተቀየመኝ። አባታችን «ሁለቱም ሥራ መፍታት ነው» ብሎ ዘጋን። እስቲ ፍረዱን። እንዲህ በአክሮባት የተሞላ ነገር ስፖርት ነው ማርሻል አርት? ወይስ ሁለቱንም አይደለም?
ወላቃው፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ጥርሱን ከፍሎ የመጣ ሰው ላይ መፍረድ ይከብዳል፣ ግን ይሁን።

ቀላሉን እናስቀድም። ስፖርት ነው። በዚህ እንዳትከራከር፣ ትረታለህ። ወንድምህ የሚሠራው «ታውሉ» ይባላል። ተጋጣሚ የሌለበት፣ እንቅስቃሴው ቀድሞ የተደረደረ የውሹ ዘርፍ ነው። ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽኑ በ1990 ተቋቋመ (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። በዚያው ዓመት ቤጂንግ ላይ በተደረገው የእስያ ጨዋታ የውሹ ሜዳሊያ ተሰጠ፣ በዓመቱ ደግሞ የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና ተካሄደ። ዋናው ኦሊምፒክ ውስጥ አልገባም። የዳካሩ የወጣቶች ኦሊምፒክ ግን ተቀብሎታል።

ዳኝነቱንም ቀልድ እንዳይመስልህ። ከ10 ነጥብ 5ቱ ለእንቅስቃሴው ጥራት፣ 3ቱ ለአጠቃላይ አቀራረቡ፣ 2ቱ ለከባዶቹ ዝላዮችና ለአያያዛቸው ነው። አንዱን ዝላይ በስልክህ ዝግ አድርገህ እየው። ልጁ ሁለት ሦስት እርምጃ ተንደርድሮ ይነሳል፣ አየር ላይ ሁለት ሙሉ ዙር ይዞራል፣ 720 ዲግሪ መሆኑ ነው፣ እየዞረ እያለ የተወነጨፈ እግሩን ውስጠኛ ጎን በመዳፉ ጧ ያደርገዋል። ከዚያ ወዲያ ነው ጉዱ። ሲያርፍ ፈረስ ላይ እንደተቀመጠ ሰው ጭኖቹን አጋድሞ፣ በሁለት እግሩ እኩል ወርዶ፣ ድርቅ ማለት አለበት። እግሩ ትንሽ ከተንሸራተተ 0.1 ይቀነስበታል። እጁ ምንጣፉን ከነካ 0.2፣ ከወደቀ 0.3። ስንት ዓመት የለፋበት ነገር በአንድ ተረከዝ ይሄዳል። እኔ ዝላዩን ተወውና ያንን አቀማመጥ ብቻ ቤት ውስጥ ሞክሬው ደቂቃ ሳይሞላኝ ሶፋው ላይ ወድቄያለሁ።

ማርሻል አርት ነው ወይ ለሚለው ግን የኔ መለኪያ አንዲት ጥያቄ ናት፤ የሚመታው ሰውዬ የታል?

ታውሉ ውስጥ ሰውዬው የለም። ድሮ ነበረ። እያንዳንዱ ቡጢ፣ እያንዳንዱ መመከት፣ እያንዳንዱ የጎራዴ ሰንዘራ የሆነ ሰው ላይ ያነጣጠረ ነበር። ሰውዬውን ያወጡት አውቀው ነው። በ1950ዎቹ የቻይና መንግሥት የየአካባቢውን ስልት ሰብስቦ፣ አስተካክሎ፣ ለውድድር የሚሆን ቅርጽ ሰጠው፤ የመጀመሪያው የውድድር ደንብም በ1959 ወጣ። የፍልሚያው ክፍል ወደ ጎን ተባለ፤ «ሳንዳ» ተብሎ በሙከራ ደረጃ የተመለሰው በ1979 ነው። በመሃሉ ያለው ጊዜ የታውሉ ብቻ ነበር። የፊልም ተዋናዩ ጄት ሊ የዚያ ዘመን ልጅ ነው። በ1974 በ11 ዓመቱ ከቡድኑ ጋር አሜሪካ ሄዶ ዋይት ሐውስ ግቢ ውስጥ ትርዒት አሳየ፣ ከዚያ ከ1975 እስከ 1979 የቻይና አጠቃላይ ሻምፒዮን ሆነ። ይህን ሁሉ ያገኘው ማንንም ደብድቦ አይደለም።

ሰውዬው ከወጣ በኋላ ነገሩ ወደ ዓይን ማዘንበሉ አልቀረም። የውድድሩን ጎራዴ አይተኸው ከሆነ ስሱ ቆርቆሮ ነገር ነው፣ ሲወናጨፍ ይርገፈገፋል፣ ድምፁ አዳራሽ ይሞላል። በግ እንኳ አያርድም። በዚህ የሚናደዱ የቆዩ የኩንግ ፉ ሰዎች ሞልተዋል፣ እኔም አልፈርድባቸውም።

ግን ወንድሜ፣ ይሄ ነገር እኛ ጋ የለም እንዴ? ሠርግ ላይ ወይም የአድዋ በዓል ላይ የሚፎክረውን ሰው አስበው። «ዘራፍ!» ብሎ ይነሳል፣ ጦሩን ይሰብቃል፣ ይሸልላል፣ ይንጎራደዳል፣ ፊቱ ግን ጠላት የለም። ጦርነት አይቶ የማያውቅ ሰው አሳምሮ ሊፎክር ይችላል። ቢሆንም እንቅስቃሴው ከየት እንደመጣ ያየ ሁሉ ያውቃል፣ እስክስታ ነው የሚለውም የለም። ጉግስ ደግሞ ሌላ ነው። እዚያ ከኋላህ በፈረስ የሚያባርርህና ዘንግ የሚወረውርብህ ሰው አለ፤ በጋሻህ ካልመከትክ ጀርባህን ያገኝሃል። ታውሉ ፉከራው ነው፣ ሳንዳ ጉግሱ። ሁለቱም ከጦር ሜዳ የወጡ ናቸው፣ የሚያስተምሩህ ግን አንድ አይደለም።

ስለዚህ ታውሉን የማርሻል አርት ቋንቋ ነው ብዬ እቀበላለሁ፣ ንግግር ግን አይደለም። ሰዋስው አብጠርጥሮ አውቆ ከሰው ጋር አውርቶ እንደማያውቅ ተማሪ ቁጠረው። ትሪኪንግ የሚሉት፣ ምቱ ለጌጥ ብቻ የቀረበትና መገለባበጡ ዋናው የሆነበት ነገር ሲመጣ ግን እኔም ካንተ ጋር ነኝ። እሱ የጅምናስቲክ ዘመድ ነው። ይህ ስድብ አይደለም፣ ብሬክ ዳንስም ፓሪስ 2024 ላይ ኦሊምፒክ ገብቷል።

ሰው ቢመታው ምን ያደርጋል ላልከው፣ ታውሉ ብቻ ከሠራ ምንም። አለመምታትን ነው የለመደው። ከውሹ ወጥተው ቀለበት ውስጥ የገነኑትን ብታይ የሳንዳ ሰዎች ናቸው። ከንግ ሌ የሚባለው ተፋላሚ በ2008 በድብልቅ ማርሻል አርት (ቡጢ፣ እርግጫና ትግል በተቀላቀሉበት ፍልሚያ) ፍራንክ ሻምሮክን ያሸነፈው በሳንዳ ምት ነው። በ2019 ሼንዘን ላይ በ42 ሰከንድ የዩኤፍሲን (የዚሁ ድብልቅ ፍልሚያ ትልቁ ውድድር ነው) ቀበቶ የወሰደችው ዣንግ ዌይሊም ሳንዳ ሠርታለች።

አንተም ግን አትኩራ። በ2010 አንቶኒ ፔቲስ የሚባል የድብልቅ ማርሻል አርት ተፋላሚ በአምስተኛው ዙር ወደ መፋለሚያው አጥር ሮጦ፣ በእግሩ አጥሩን ገፍቶ፣ ከአየር ላይ ተጋጣሚውን ቤንሰን ሄንደርሰንን ፊቱን መትቶ ጥሎታል። ልክ ወንድምህ ግቢ ውስጥ የሚሠራው ዓይነት ነገር፣ እውነተኛ ፍልሚያ ላይ። ፔቲስ የቴኳንዶ ጥቁር ቀበቶ ያለው፣ ዕድሜውን ከሰው ጋር ሲፋለም የኖረ ነው። ዝላዩ የሠራለት ሰውዬው የት እንደቆመ ስለሚያውቅ ነው።

እንዲህ አድርጉ። ወንድምህን ወስደህ ጓንትና የጥርስ መከላከያ አስለብሰው (መከላከያዋን አንተም አትርሳት፣ ምነው ያኔ በነበረች)፣ ሦስት ወር ቀስ እያላችሁ ስፓሪንግ ሥሩ። እሱ ደግሞ ያችን የፈረስ አቀማመጥ ያስተምርህ። ማን ቀድሞ እንደሚያቃስት ጻፉልን።

አባታችሁን ማሳመን ግን የእኛ ዓምድ አቅም አይደለም።