ዘፍዝፋችሁ አትርሱት፦ የጂን ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ባለፈው ጂን በሚባለው የአልኮል መጠጥ ላይ ፍራፍሬ ዘፍዝፎ ጣዕም ስለማውጣት ጽፌ ነበር። ከዚያ ወዲህ የጥያቄው ብዛት! ገሚሱ «ለምን መረረብኝ?» ነው፤ ገሚሱ «ዓይኔን አያጠፋብኝም ወይ?»። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ እነሆ።

«ብርቱካን ከነልጣጩ ቆራርጬ ጂን ውስጥ ከተትኩ። ሦስት ሳምንት ቆየ። ስቀምሰው ኮሶ ሆኗል። ምን አጠፋሁ?» (ከአዲስ አበባ)

አይዞሽ፣ እኔም ያንኑ አድርጌ እንግዳ ፊት አፍሬያለሁ። ሰውየው ጨዋ ነበርና «ለሆድ ሳይሆን አይቀርም» ብሎ ጨለጠው። ጥፋቱ ያለው ነጩ ላይ ነው። ከልጣጩ ሥር ያለው ነጭ ነገር መራራ ነው፤ አልኮል ደግሞ ምሬቱን አሟጦ ያወጣዋል። አንቺ የምትፈልጊው ሽታ ያለው ላይኛው ስስ ልጣጭ ላይ ነው፤ ዘይቱ እዚያ ነው። በድንች መላጫ ስስ አድርገሽ ላጪ። ለአንድ ጠርሙስ የሁለት ብርቱካን ልጣጭ ይበቃል። ጠዋት ከከተትሽ ማታ ቅመሺ፤ በማግስቱ ልጣጩን አውጪ።

ብዙ ሰው «በቆየ ቁጥር ይጣፍጣል» ይላል። ጠጅ አይደለም እኮ! ጣዕሙን ከሰጠ በኋላ የሚቀረው ምሬት ነው። የሎሚና የብርቱካን ልጣጭ አንድ ቀን ይበቃዋል። እንጆሪና አናናስ ከሦስት እስከ አምስት ቀን። ሳምንታት የሚፈልጉት እንደ ፕሪም ያሉ ጠንከር ያሉ ፍሬዎች ናቸው። ዋናው ሰዓት ግን ምላስህ ነው፤ በየቀኑ አንድ ማንኪያ። (አንድ ማንኪያ ብያለሁ።)

«እንጆሪው ነጣ፣ ጂኑም ቀለለብኝ። የተበረዘ ጂን ሸጠውልኝ ይሆን?»

የበረዝከው አንተው ነህ። እንጆሪ ከመቶ ዘጠና እጁ ውሃ ነው። 700 ሚሊ ሊትር፣ 40 በመቶ አልኮል ያለው ጂን ላይ 400 ግራም እንጆሪ ብትጨምር፣ ፍሬው ወደ 360 ሚሊ ሊትር ውሃ ይዞ ይገባል። መጨረሻ ላይ የምታገኘው ወደ 26 በመቶ የወረደ መጠጥ ነው። ስኳር ከጨመርክ ደግሞ ይባስ ይወርዳል። ስለዚህ ፍሬው በዛ ካለ ከ40 በመቶ በታች በሆነ ጂን አትጀምር። እንጆሪው የነጣው ቀለሙን ለጂኑ ስለሰጠ ነው፤ ሥራውን ጨርሷል፣ አውጣው። ሌላው፣ ፍሬው ከጂኑ በላይ ከተንሳፈፈ ይሻግታል። ዕቃውን እስከ አፉ ሙላው፣ በየቀኑም ነቅነቅ አድርገው። ዕቃው ክዳን ያለው ብርጭቆ ይሁን፤ በሃይላንድ እንዳትሞክረው።

«እንግሊዝ አገር ነው የምኖረው። በየአጥሩ ላይ ጥቁር ሰማያዊ ፍሬ አለ፤ ስሎ ጂን ይሠራበታል ይሉኛል። ብቀምሰው አፌን አጨማደደው!»

እማማ፣ ከሆነስ እሱ ራሱ ነው፤ ስሎ አፍ ያጨማድዳል። እሾሃም ቁጥቋጦ ላይ የሚያፈራ የዱር ፕሪም ነው። ግን ከመልቀምዎ በፊት የሚያውቅ ሰው ያሳዩት፤ ከአጥር ላይ የተገኘ ጥቁር ፍሬ ሁሉ አይበላም። የድሮ ሰዎች የመጀመሪያው ውርጭ እስኪመታው ይጠብቃሉ፤ ዛሬ አንድ ሌሊት ፍሪዘር ውስጥ ማሳደር ይበቃል። ቅዝቃዜው ቆዳውን ይሰነጥቀዋል፣ ጭማቂው እንዲወጣ ፍሬውን አንድ በአንድ በመርፌ ከመውጋት ያድንዎታል። ግማሽ ኪሎ ፍሬ፣ ሩብ ኪሎ ስኳር፣ አንድ ሊትር ጂን። ጨለማ ቁም ሳጥን ውስጥ ሦስት ወር። በመስከረም መጀመሪያ የለቀሙት ለገና ይደርሳል፤ ለፈረንጆቹም ለእኛም።

«በጂን ፋንታ ዳግም አረቄ ብጠቀምስ? ሰው ደግሞ ቤት የሚሠራ ነገር ዓይን ያጠፋል ይላል።»

ሁለቱ ይለያያሉ። መዘፍዘፍ አረቄ ማውጣት አይደለም፤ ዓይን የሚያጠፋው ሜታኖል ነው፣ እሱም ጂን ላይ ፍሬ ስለዘፈዘፍክ አይመጣም። አደጋው መጠጡ ራሱ ከየት መጣ የሚለው ላይ ነው። ሻጩ ሜታኖል ቀላቅሎበት ከሆነ በማሽተትም በመቅመስም አትለየውም፤ ፍሬና ስኳር ደግሞ ይባስ ይሸፍኑታል። የምታምናት ሴትዮ ያወጣችው ዳግም ከሆነ ይሠራል፣ ግን የጌሾው ሽታ እንጆሪውን ይውጠዋል። እኔ በበኩሌ ዳግሙን ብቻውን እጠጣዋለሁ። ጠጥቶ ከሰዓታት በኋላ ዓይኑ ጭጋግ ያለበት ሰው ካለ ግን እስኪነጋ አይጠበቅም፤ ወዲያው ሐኪም ቤት።

«ጂን ጣዕሙን የሚያገኘው ከጥድ ፍሬ ነው አሉ። ከግቢያችን ጥድ ብጨምርበትስ?»

ተወው። የጂኑ ጥድ ሌላ ዝርያ ነው፤ የኛ የሐበሻ ጥድ ዘመዱ ቢሆንም እሱ አይደለም። «የፈረንጅ ጥድ» የምንለው ደግሞ ጭራሽ ጥድም አይደለም።

«እስራኤል ነኝ። ከዳስ በዓል በኋላ የቀረውን ትርንጎ ጂን ላይ ብዘፈዝፈውስ?»

ሐሳቡ ግሩም ነው። ትርንጎ ውሃው ትንሽ፣ ልጣጩ ወፍራም፣ ሽታው ቤት የሚሞላ ነው፤ እዚያው አገርሽ ቮድካ ላይ የሚዘፈዝፉት ብዙ ናቸው። ችግሩ፣ ለበዓል የሚሸጠው ትርንጎ እንከን እንዳይወጣበት ሲባል ብዙ ጊዜ ፀረ ተባይ በደንብ የተረጨ ነው። አልኮል ደግሞ ልጣጩ ላይ ያለውን ሁሉ ይጎትታል፣ ጥሩውንም መጥፎውንም። ያልተረጨ ካላገኘሽ ለሽታው ብቻ መደርደሪያ ላይ አስቀምጪው።

«ኩዌት ነው የምሠራው፣ አልኮል ክልክል ነው። ጣዕሙን ብቻ ማግኘት ይቻላል?»

የሎሚ ልጣጭና አንድ ዘለላ የጥብስ ቅጠል ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ክተቺ። የጥብስ ቅጠሉ ሽታ ለጂኑ ጥድ ይቀርባል። ፍሪጅ ውስጥ ይደር፤ በማግስቱ ጠጥተሽ ጨርሺው። ፍራፍሬና ስኳር ጨምረሽበት በዚያ ሙቀት ውጭ ከተውሽው ግን ይቦካል፤ ያኔ ክልክሉን ነገር ራስሽ ጠመቅሽ ማለት ነው።