በሁለቱም ቋንቋ የማይበላሽ የሴት ልጅ ስም

እህቴ፣ በሰላም ያገላግልሽ! ሞንትሪያል ለምትወለደው ልጅሽ በእንግሊዝኛም በፈረንሳይኛም የሚሠራ ስም ፈልገሽ፣ ሐና፣ ቤተልሔምና ሊዲያን አቅርበሻል። እኔ ሳላመነታ ሊዲያን እመርጣለሁ። በሁለቱም ቋንቋ አጻጻፉ አንድ ነው፤ አገር ቤት ያሉት አያቷም አይቸገሩበትም።

ሐናን ብወደውም ፈረንሳይኛ የ«ሀ»ን ድምፅ ስለማይጠራ ልጅቷ ትምህርት ቤት ስትገባ «አና» መባሏ አይቀርም። ይህ ካልከበደሽ ያዢው። ቤተልሔም ላይ ግን «ሔ» መጥፋቷ ብቻ አይደለም፤ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ምላሱን በጥርሱ መሃል አድርጎ የሚያወጣውን ድምፅ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ተራ «ት» ያደርገዋል። ልጅቷ ሁለት ስም ያላት ያህል ትሆናለች። ሩት ያሉሽም አሉ፤ እሱን ተዪው። በፈረንሳይኛ አነጋገር እንስሳት ለመራባት ከሚፈላለጉበት ወቅት መጠሪያ ጋር አንድ ድምፅ ነው፤ ልጆች ደግሞ ይህን አያልፉም። ሳራም ጥሩ ነበር፣ ግን ብዙ እንግሊዝኛ ተናጋሪ «ሴራ» ይለዋል፤ ለእኛ ጆሮ ደስ አይልም። ናኦሚና ኤደን ይሻላሉ።

የቤተሰብ ስሙንም አትርሺ። ሞንትሪያል ባለችበት በኩቤክ ግዛት ሕግ የሚወሰደው ከወላጆች የቤተሰብ ስም ነው። ስለዚህ ከልጅሽ ስም ቀጥሎ የሚመጣው የባለቤትሽ መጠሪያ ሳይሆን ወረቀቱ ላይ የቤተሰብ ስም ተብሎ የሰፈረው፣ ብዙ ጊዜ የአባቱ ወይም የአያቱ ስም ነው። የአንቺንም ማጣመር ይቻላል። ከመወሰናችሁ በፊት ሙሉውን ስም ፈረንሳይኛ አፉን የፈታበት ሰው ጮክ ብሎ ያንብብላችሁ።