ሦስተኛ ፎቅ ላይ የሚዋኙ ዓሦች

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሀዋሳ፣ አቶቴ አካባቢ ባለ አንድ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለ አንድ መኝታ ቤት ተከራይቼ የምኖር ሠራተኛ ነኝ። ከሁለት ወር በፊት ስድሳ ሊትር የሚይዝ የመስታወት የዓሣ ገንዳ ገዝቼ በዚያው ዕለት አራት ጎልድፊሽና ስምንት ጋፒ አስገባሁበት። በአሥር ቀን ውስጥ ዘጠኙ ሞተው ሁለት ጎልድፊሽና አንድ ጋፒ ብቻ ቀሩኝ። የሸጠልኝ ሰው «ገንዳው ጠቧቸው ነው» ስላለኝ 120 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 40 ወርድና 50 ከፍታ ያለው ላሠራ አስቤአለሁ። ጓደኞቼ ደግሞ የሐይቁን ቆሮሶ (ቲላፒያ ዓሣ) በጫጩትነቱ ባመጣ ውኃውን ስለለመደው እንደሚበረታልኝ ይመክሩኛል። አከራዬ ከእኔ ሥር ሁለተኛ ፎቅ ላይ የሚኖሩ እናት ሲሆኑ፣ የትልቁን ገንዳ ነገር ሲሰሙ «ልጄ፣ ቤቴን ልታፈርስብኝ ነው?» ብለው ተቆጡ። በእርግጥ ወለሉ አይችለውም? እርሳቸውንስ እንዴት ላግባባቸው?
ተ.፣ ከሀዋሳ

መልስ፦ አከራይዎ መፍራታቸው ልክ ነው፤ ይበልጥ ሊፈሩ የሚገባቸው ግን ከክብደቱ ይልቅ ውኃውን ነው። ቢሆንም ከጠየቁት ልጀምር። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ይመዝናል። አሁን ያለዎት ገንዳ ከነውኃው፣ ከነጠጠሩና ከነማስቀመጫው ቢደመር አንድ ኩንታል ገደማ ስለሆነ፣ አከራይዎ ጓዳቸው ካቆሙት የጤፍ ጆንያ አይበልጥም። ሊያሠሩት ያሰቡት ግን ውኃው ብቻውን ሁለት ኩንታል የሚያልፍ ሲሆን፣ መስታወቱና ማስቀመጫው ሲጨመርበት ከሦስት ኩንታል በላይ ይሆናል፤ ይህም ሁሉ የሚያርፈው ግማሽ ካሬ ሜትር በማይሞላ ቦታ ላይ ነው። የመኖሪያ ቤት ሶሌታ በተለምዶ የሚነደፈው ከራሱ ክብደት ሌላ በካሬ ሜትር 200 ኪሎ ግራም ገደማ እንዲሸከም ነው። ይህ ቁጥር በወለሉ ሁሉ ላይ ተሰራጭቶ የሚታሰብ በመሆኑ ገንዳው የተቀመጠ ዕለት ቤቱ ይደረመሳል ማለት አይደለም፤ ነገር ግን በብዙ ኮንዶሚኒየሞች እንደሚታየው ሶሌታው ቀድመው በተመረቱ ቀጫጭን ቢሞችና በመካከላቸው በተደረደሩ ብሎኬቶች የተሠራ ከሆነ፣ ያን የሚያህል ጭነት ክፍሉ መካከል ላይ ለዓመታት ማቆም ተገቢ አይደለም። ትንሹንም ቢሆን ኮለን አጠገብ፣ በሁለት ግድግዳዎች መጋጠሚያ ቢያስቀምጡት ይመረጣል።

የእኔ አስተያየት ትልቁን ይተዉት ነው። ተከራይ ገንዳ ሲመርጥ አስቀድሞ ማሰብ ያለበት ቤቱን የሚለቅበትን ቀን ይመስለኛል። በአንድ ምሽት ተቀድቶ የሚያልቅና ሁለት ሰው በደረጃ ይዞት ሊወርድ የሚችል ገንዳ ከእርስዎ ጋር ይሄዳል፤ ባዶውን እንኳ ሃምሳ ኪሎ የሚመዝን፣ በደረጃው ማጠፊያ የማይዞር ገንዳ ግን ወይ ይሰበራል፣ ወይ ለቀጣዩ ተከራይ ይቀራል።

አሁን ወደ ውኃው ልምጣ። ይህን የምጽፈው ከደረሰብኝ ተነሥቼ ነው። ከዓመታት በፊት በኪራይ ቤት ሳለሁ፣ ጎማውን ከቧንቧው ገንዳው ውስጥ ከትቼ ውኃው እስኪሞላ ስልክ አነሣሁና ወሬው ያዘኝ። ስመለስ የፈሰሰው ሁለት ባልዲ ያህል ቢሆን ነው፤ አድርቄው ተኛሁ። ለካ በሴራሚኩ መጋጠሚያ ሠርጎ ኖሮ በማግስቱ ከሥሬ ያሉት ጎረቤት በሬን አንኳኩተው፣ አንዲት ቃል ሳይናገሩ ወደ ቤታቸው አስገቡኝና ጣታቸውን ወደ ኮርኒሱ ቀሰሩልኝ። የእንጀራ ምጣድ የሚያህል፣ ጠርዙ ቡናማ የሆነ ክብ ነበር፤ መካከሉ ላይም አንዲት ጠብታ ተንጠልጥላ ልትወድቅ ትንቀጠቀጣለች። ያን ኮርኒስ በራሴ ወጪ አስቀባሁ፤ የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም (1952 ዓ.ም.) በአንቀጽ 2028 በጥፋቱ በሌላ ሰው ላይ ጉዳት ያደረሰ ሁሉ እንዲክስ ያስገድዳል። ከዚያ ወዲህ ገንዳ የምሞላው በጀሪካን ብቻ ነው፤ ሃያ ሊትር ጀሪካን ከሃያ ሊትር በላይ ሊፈስ አይችልምና።

መስታወት ቤት የተሠራ ገንዳ ከሆነ፣ የተለጠፈበት ሲሊኮን ፀረ ሻጋታ ያልተጨመረበት መሆኑን ይጠይቁ። ለመታጠቢያ ቤት የሚሸጠው ብዙ ጊዜ ይህ መድኃኒት አለበት፤ መድኃኒቱም ለዓሣ መርዝ ነው። ማስቀመጫው በውኃ ልክ ተስተካክሎ፣ ከመስታወቱ ሥር ስስ ፎም ሊነጠፍ ይገባል፤ አንድ ጥጉ ዝቅ ያለ ገንዳ ውሎ አድሮ መጋጠሚያው ይላቀቃል። የኤሌክትሪክ ገመዱ ከሶኬቱ ዝቅ ብሎ ጎብጦ እንዲንጠለጠል ያድርጉ፤ በገመዱ የሚወርድ ጠብታ ጉብጠቱ ጋ ሲደርስ መሬት ይወድቃል እንጂ ሶኬቱ ውስጥ አይገባም። ዲቫይደሩን ከገንዳው ሥር ወለል ላይ የሚያኖሩ ሰዎች ቤት ቡና ስጠጣ እንኳ ልቤ አያርፍም።

አከራይዎን ስለማግባባት ረጅም ምክር የለኝም። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውል በጽሑፍ እንዲሆን ይጠይቃል፤ በውሉ ላይ ገንዳው ከስድሳ ሊትር እንደማይበልጥ፣ የሚቀመጥበት ቦታ የት እንደሆነና በውኃ ለሚደርስ ጉዳት እርስዎ እንደሚያሳድሱ አንዲት አንቀጽ ቢያስገቡ ግማሹ ሥጋታቸው ይቀላል። ቀሪውን ደግሞ ወደ ላይ ጋብዘዋቸው ገንዳውን በዓይናቸው ይዩት። ያላዩት ገንዳ በሐሳባቸው የሐይቁን ያህል ነው።

ዓሦቹን የገደላቸው የገንዳው ጥበት ብቻ አይደለም፤ በአንድ ቀን ተጣድፈው መግባታቸው ነው። የዓሣ እዳሪና የተረፈ ምግብ ዓሣን የሚጎዳ አሞኒያ ይፈጥራል። በደኅና ገንዳ ውስጥ በማጣሪያው ፎምና በጠጠሩ ላይ የሚራቡ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም እምብዛም ወደማይጎዳው ናይትሬት ይለውጡታል፤ ነገር ግን እነዚህ ባክቴሪያዎች በበቂ መጠን እስኪራቡ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይወስዳል። እርስዎ አሥራ ሁለቱን ያስገቡት ባዶ ቤት ውስጥ ነው ማለት ይቻላል።

የእኛ አካባቢ ውኃ ደግሞ ነገሩን ያባብሰዋል። የስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውኃ በብዙ ቦታ ሶዲየምና ባይካርቦኔት የበዛበት ስለሆነ ፒኤቹ (የውኃው አሲድነት ወይም አልካላይነት የሚለካበት ቁጥር) ከፍ ይላል፤ ፒኤች ሲጨምር ደግሞ መርዛማው የአሞኒያ ዓይነት ይበዛል። ሙቀቱ 25 ዲግሪ ሴልሺየስ በሆነ ውኃ ውስጥ ፒኤቹ 7 ሲሆን ከጠቅላላው አሞኒያ መርዛማው አንድ ከመቶ አይሞላም፤ ፒኤቹ 8.5 ሲደርስ ግን ወደ 15 ከመቶ ያድጋል። ስለዚህ ሌላ ቦታ ያሉ ዓሦች በደኅና የሚያልፉት ቆሻሻ የእርስዎን ዓሦች ሊገድል ይችላል። ቤትዎ የሚደርሰው ውኃ ከጉድጓድ የተሳበ ከሆነ የፒኤች መለኪያ ወረቀት ገዝተው ይለኩ።

ለተረፉት ሦስቱ ቢያንስ ለስድስት ሳምንት ሌላ ዓሣ አይጨምሩ፤ ምግቡንም በሁለት ደቂቃ የሚጨርሱትን ያህል፣ በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ይስጡ። በየሁለት ሦስት ቀኑ የውኃውን ሩብ ይቀይሩ። ውኃ በፈረቃ ሲመጣ በጀሪካን የምናጠራቅም ሰዎች አንድ ነገር እንስታለን፦ የክሎሪኑ ሽታ የሚወጣው ውኃው ክፍት ሆኖ ሲያድር ነው፤ ክዳኑ የጠበቀ ጀሪካን ክሎሪኑን ይዞት ያድራል። በሰፊ ባልዲ ገልብጠው አንድ ቀን ያቆዩት። የማጣሪያውን ፎም ደግሞ ከገንዳው በቀዱት ውኃ ይጭመቁት እንጂ በቧንቧ ውኃ አይጠቡት፤ ያሳደጓቸውን ባክቴሪያዎች ክሎሪኑ ይጨርሳቸዋል።

ጎልድፊሾቹን ሰፋ ያለ ገንዳ ወይም ኩሬ ላለው ሰው ቢሰጧቸው መልካም ነው። ሲያድጉ ከስንዝር ይበልጣሉ፣ እዳሪያቸውም ብዙ ነው፤ በዚህ ነገር ሻጩ ግማሽ እውነት ተናግሯል። ጋፒ ግን ፒኤቹ ከፍ ያለ ውኃ ይስማማዋል፤ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው የሌሊት ብርድ ትንሽ ማሞቂያ ቢያገኝ ብቻ ነው። መብራት ሲጠፋ ምግብ አይስጡ፤ ጠፍቶ ከቆየ ደግሞ ውኃውን በኩባያ እየቀዱ ከስንዝር ከፍታ መልሰው ሲያፈሱት አየር ይገባዋል። በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ካገኙ ከዚህ ድካም ይገላገላሉ።

ቆሮሶውን እዚያው ይተዉት። አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ሲጠበስ የሚያዩት ያ ዓሣ ጫጩት ሳለ ያምራል፤ ነገር ግን ፈጥኖ ያድጋል፣ ወንዱ ጎጆውን ሲሠራ ጠጠሩን ገልብጦ እፀዋቱን ይነቅላል፣ ከጋፒ ጋር አንድ ገንዳ ውስጥ ቢሆን ደግሞ ጋፒው ምሳው ነው።

ጥያቄ፦ በመጪው ወር ቤት ልቀይር ስለሆነ ጋፒዎቼን ሐይቁ ውስጥ ብለቃቸው ምን ችግር አለው? እየተዋለዱ ሃምሳ ደርሰውብኛል።
ከሀዋሳ፣ ፒያሳ

መልስ፦ እባክዎ እንዳያደርጉት። የሀዋሳ ሐይቅ የጥቁር ውኃ ወንዝ ይገባበታል እንጂ ከእርሱ የሚወጣ ወንዝ የለም፤ የገባበት ነገር እዚያው ይቀራል። ጋፒ ከደቡብ አሜሪካ የመጣ፣ በየወሩ ገደማ የሚወልድ ዓሣ ሲሆን በብዙ አገሮች ውኃ ውስጥ ተለቅቆ የአገሬውን ትናንሽ ዓሦች አስቸግሯል። እምቦጭም ለአበባው ውበት ከዚያው አህጉር የወጣ ተክል እንደነበር ጣናን ያየ ሁሉ ያውቃል።

ትርፎቹን ለሻጩ ይመልሱ ወይም ለሚያሳድግ ሰው ያድሉ። የሚያስቀሯቸውን ደግሞ ከጉዞው በፊት ለአንድ ቀን ምግብ ይከልክሏቸውና ከገንዳው በተቀዳ ውኃ እስከ ግማሹ በተሞላ ሰፊ አፍ ባለው ባልዲ ይዘዋቸው ይሂዱ። የማጣሪያውን ፎም በዚያው ባልዲ ውስጥ ያኑሩት፤ ደርቆ ከደረሰ አዲሱ ቤት ላይ ስድስቱን ሳምንት እንደገና መጠበቅ ይሆንብዎታል።