ከልጆች ጋር ካሪቢያን በመርከብ ለምትሄደው እህታችን፦ የሰዓቱን ነገር አደራ

እታለሜ ጥያቄሽን ያየሁት ትናንት ማታ ነው። ወንድምሽ ከአትላንታ የካሪቢያን ክሩዝ ቆርጦልሽ የ14 እና የ17 ዓመት ልጆችሽን ይዘሽ ከደብረ ሲና ልትሄጂ ነው፣ መርከቡ ጃማይካ፣ ካይማንና ኮዙሜል ይቆማል፣ በየወደቡ ወርደን ምን እናድርግ ነው ያልሽው። እኔም የዛሬ ሁለት ዓመት ነሐሴ ላይ ወንድሜ ቆርጦልኝ ከደብረ ብርሃን ተነሥቼ ሁለቱን ልጆቼን (ወንዱ ያኔ 16፣ ሴቷ 13) ይዤ እነዚሁኑ ሦስት ወደቦች ነው የዞርኩት። የኛ ከማያሚ ነበር የሚነሣው፣ ያንቺም ከዚያው ይመስለኛል። ስለ ሻንጣ ምናምን ሌሎቹ ስለጻፉልሽ አልደግመውም፣ እኔ ገንዘቤንና እንቅልፌን ያሳጣኝን ልንገርሽ።

1. ቪዛ። አሁኑኑ ፓስፖርትሽን ክፈቺና ቪዛው ላይ የመግቢያ ብዛት የሚለውን ቦታ እዪ። ኤም የሚል ፊደል ካለ ደጋግመሽ መግባት ትችያለሽ፣ አንድ ቁጥር ከሆነ ግን አሜሪካ ስትገቢ ያቺ አንዷ መግቢያሽ አለቀች ማለት ነው፣ መርከቡ ዞሮ ሲመለስ መልሶ የሚያስገባሽ ቪዛ የለሽም። የኔ ደጋግሞ የሚያስገባ ነበር፣ ከሐምሌ 2017 ወዲህ ግን ለኛ ፓስፖርት የሚሰጠው የጉብኝት ቪዛ በአብዛኛው የ3 ወርና የአንድ ጊዜ መግቢያ ሆኗል። ስለዚህ ወንድምሽ ቀሪውን ክፍያ ከመክፈሉ በፊት ይሄን ጨርሱ። ሜክሲኮ የጸና የአሜሪካ ቪዛ ላለው ሰው የራሷን ቪዛ አትጠይቅም፣ ስለ ጃማይካና ካይማን ግን መርከብ ድርጅቱን ጠይቂና መልሱን በኢሜይል አስልኪ፣ በስልክ የተባለ ነገር በኋላ ማንም አላልኩም ነው የሚለው።

2. ሰዓት። ለዚህ ብዬ ነው የምጽፍልሽ። መርከቡ የሚሄደው በራሱ ሰዓት ነው። አሜሪካኖቹ በዓመት ሁለቴ ሰዓታቸውን አንዴ ወደፊት አንዴ ወደኋላ ያዛውራሉ፣ ጃማይካም ካይማንም ኮዙሜልም አያዛውሩም፣ ስለዚህ በኛ ክረምት ማያሚ ሦስቱንም በአንድ ሰዓት ትቀድማቸዋለች። የኛ መርከብ ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ የማያሚን ሰዓት እንደያዘ ነው የዞረው። ጃማይካና ካይማን ላይ ይሄን ነገር አላወቅነውም፣ ምክንያቱም እዚያ የወጣነው በመርከቡ አስጎብኚዎች ነው፣ እነሱ ወሰዱን እነሱ መለሱን፣ የልጄም ስልክ ኤርፕሌን ሞድ ላይ ስለነበር ሰዓቱ አልተነካም። ኮዙሜል ግን ሜክሲኮ ናት፣ ወንድሜ የገዛለት የአሜሪካ ሲም እዚያ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይሠራል፣ ልጄ ገና ከመርከቡ ሳንወርድ «እማዬ ኔትወርክ መጣ» ብሎ ደስ ብሎት ከፈተው። ስልኩ ራሱ ሰዓቱን አንድ ሰዓት ወደኋላ መለሰው። ማናችንም አላየንም። የእጅ ሰዓቴን ደግሞ ጨው ውሃ እንዳያበላሽብኝ ብዬ ክፍላችን ካዝና ውስጥ ከፓስፖርቶቹ ጋር ቆልፌበት ነው የወጣሁት።

የዚያን ቀን ወንድሜና ሚስቱ ከመርከቡ ጉብኝት ጋር ሳን ሄርቫሲዮ የሚባለውን የማያዎች ፍርስራሽ ሊያዩ ሄዱ። ልጄ የደሴቲቱን ምሥራቅ ዳርቻ ቲክቶክ ላይ አይቶ እሱን ካላየሁ አለ፣ የመርከቡ ጉብኝት የሚከፈለው በነፍስ ወከፍ ስለሆነ ለሦስት ሰው ሳባዛው ታክሲው በጣም ረከሰብኝና እሺ አልኩ። የኮዙሜል ታክሲ ቆጣሪ የለውም፣ ዋጋው እንደየቦታው የተቆረጠ ነው፣ ሳትገቢ ዋጋውን ተነጋገሪ። ምሥራቁ በኩል ከተማ የሚባል ነገር የለም፣ ኔትወርኩም ጠፋ፣ ማዕበሉ ትልልቅ ነው፣ እንደኛ ከደጋ ለወጣ ሰው ቆሞ ማየቱ ራሱ ይበቃል። ልጆቼ ዳሩን ይዘው ሲሯሯጡ እኔ ነጠላዬን ራሴ ላይ ጣል አድርጌ ተቀመጥኩ። ፍልሰታ ስለነበር አቮካዶ በሎሚና በቆሎ ቂጣ ነው የበላነው፣ እግረ መንገዴን ልንገርሽ፣ ሜክሲኮ የተፈጨውን ባቄላ ብዙ ጊዜ በአሳማ ስብ ነው የሚሠሩት፣ ጾም ነው ብለሽ ሳትጠይቂ እንዳትበዪ።

ተሳፋሪ ሁሉ መግባት ያለበት በፈረንጅ 4፡30 ነበር፣ በኛ 10፡30 ማለት ነው፣ መርከቡ 11 ሰዓት ላይ ይነሣል። የልጄ ስልክ 9፡30 ሲል ገና አንድ ሰዓት አለን ብለን ተረጋግተን እግራችንን ታጥበን ተነሣን። መርከቡ ላይ በዚያች ደቂቃ 10፡30 ሞልቷል እኮ! ታክሲው እስኪገኝ ቆየን፣ ከዚያ ሹፌሩ የትኛው ወደብ ሲለኝ የመርከቡን ስም ብቻ ነገርኩት፣ ኮዙሜል ለክሩዝ ሦስት መትከያ እንዳላት በምን አውቄ፣ መሀል ከተማ ያለው ጋ ወስዶን የኛ ሳይሆን ቀረ። ትክክለኛው ጋ ስንደርስ መርከቡ ከመትከያው ተለይቷል። በመሃሉ ያለው ውሃ አንድ ግቢ አይሰፋም፣ አረፋውን እያወጣ ይገላበጣል፣ ሰዉ ከላይ ሆኖ በስልክ ይቀርጸናል። ወንድሜን አየሁት፣ ሁለት እጁን ራሱ ላይ አድርጎ ቆሟል። ሴቷ ልጄ የነጠላዬን ጫፍ ጨብጣ ድምፅዋን አጥፍታ ቀረች፣ እስካሁን ሳስበው ሆዴን የሚበላኝ የሷ ዝምታ ነው።

ወንድሜ ካዝናውን አስከፍቶ ፓስፖርቶቻችንን ለሠራተኞቹ ሰጥቶ ስለነበር ወደቡ ላይ ያለው የመርከቡ ወኪል በፖስታ ይዞ ጠበቀን። እሱ ሰውዬ እግዜር ይስጠው ትሑት ነው። ከሱ ቀጥሎ የላኩን ቢሮ ያለችው ሴትዮ ግን ቀና ብላ እንኳ ሳታየን ውጪ ጠብቁ አለችን፣ ሁለት ልጆች ጨው ውሃ በላያቸው ላይ ደርቆ ፀሐይ ላይ አንድ ሰዓት ተኩል ቆሙ፣ ውሃ ጠጥታችኋል ወይ ያለ የለም። ለኢሚግሬሽን የሚሆነውን ወረቀት በመጨረሻ ያስጨረሰው ልጄ ነው። በእንግሊዝኛውም፣ ኳስ ሲያይ በለቃቀማት ስፓኒሽም እየተጋገዘ አስረዳ፣ የማግስቱንም ወደ ማያሚ የሚበር አውሮፕላን በስልኩ ፈልጎ አገኘ። የ16 ዓመት ልጅ ነው! ያን ቀን ነው ልጄ ሰው መሆኑን ያየሁት። የሦስት ሰው ትኬትና አንድ ሌሊት ሆቴል ተደምሮ ወደ 1,900 ዶላር ወጣ፣ ወንድሜ ነው የከፈለው፣ እኔ ግን እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። ከመርከቡ አንድ ቀን ቀድመን ማያሚ ገባን፣ ወንድሜ በማግስቱ ጠዋት ከነሻንጣችን ሲወርድ በር ላይ ቆመን ነው የተቀበልነው።

በኋላ ትኬቱን ወደ ሸጠልን ቢሮ ደወልኩ። ገንዘብ እንዲመልሱ አይደለም፣ ለሌላው ሰው እንዲያስጠነቅቁ ብዬ ነው። ልጅቷ «የመርከብ ካርድሽ ላይ ተጽፏል» ብላ ዘጋችብኝ። ካርዱን አየሁት፣ እውነትም ከታች በጥቃቅን ፊደል የመርከብ ሰዓት ይላል። በትልቁ ቢጽፉት ምን ይጎድልባቸዋል? እናት ልጆች ይዛ ስትወርድ በር ላይ አንድ ሰው ቆሞ ሰዓታችሁን አስተካክሉ ቢል ምን ይከብደዋል?

ስለዚህ እህቴ፣ ሳትነሺ ርካሽ የእጅ ሰዓት ግዢ፣ መርከቡ ላይ እንደወጣሽ በመርከቡ ሰዓት ሙዪው፣ ለልጆቹም እንደዚሁ፣ ስልክ የሚያሳየውን አትመኑ። ከወደቡ ራቅ ያለ ቦታ ከሆነ በመርከቡ ጉብኝት ሂዱ፣ ቢወደድም፣ የራሱ ጉብኝት ከዘገየ መርከቡ ይጠብቃል፣ በራስሽ ወጥተሽ ከዘገየሽ ግን ጥሎሽ ይሄዳል። በራሳችሁ የምትወጡት በእግር ተመልሳችሁ ልትደርሱ ወደምትችሉበት ብቻ ይሁን፣ እሱንም ሁለት ሰዓት ቀድማችሁ ተመለሱ። የመትከያውን ስም ወረቀት ላይ ጻፊና ከገንዘብሽ ጋር ያዢው፣ የፓስፖርቶቹንም ፎቶ ስልክሽ ላይ አስቀምጪ።

3. ጃማይካ። እዚህ ልጆችሽን የሚያኮራ ነገር ታያላችሁ። መጀመሪያ ግን የወንዱን ልጅ ሻንጣ ፈትሺ፣ የወታደር ልብስ የሚመስል ዥጉርጉር ሱሪ ሆነ ኮፍያ ጃማይካ ላይ ለሲቪል ክልክል ነው፣ የኔ ልጅ ለብሶ ሊወርድ ሲል ጥበቃዎቹ መልሰውት ልብስ ቀይር ተባለ፣ ሰልፉም አለፈን። ኦቾ ሪዮስ ከቆማችሁ ደንስ ሪቨር የሚባለው ፏፏቴ ይሻላችኋል፣ ርዝመቱ ወደ 180 ሜትር የሚሆን በደረጃ በደረጃ የሚወርድ ውሃ ነው፣ ሰዉ እጅ ለእጅ ተያይዞ ከታች ወደ ላይ ይወጣዋል። ድንጋዩ ያንሸራትታል፣ የውሃ ጫማ ያስፈልጋል። በረሳ ወንዝ ከጉልበቱ በላይ ገብቶ የማያውቅ ልጄ ውሃው ሙቀት ያለው ነው ብሎ ለማመን ደጋግሞ እጁን ይነክራል። መርከቡ ውስጥ ብርዱ እንደ ጣርማ በር ነው፣ ስትወርጂ ሸዋ ሮቢት የገባሽ ነው የሚመስልሽ፣ ስለዚህ ሹራብም ቀላል ልብስም ያዙ።

ፏፏቴው ደጅ ላይ ዕቃ የሚሸጥ ጸጉሩን ያጎፈረ ሽማግሌ ከየት ናችሁ አለን። ኢትዮጵያ ስንል ዕቃውን አስቀምጦ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። ጃንሆይ በፈረንጆች ሚያዝያ 21 ቀን 1966 ጃማይካ ሲመጡ ልጅ ሆኖ አባቱ ትከሻ ላይ ሆኖ እንዳያቸው ነገረን። የሚሸጠው የእንጨት ሰሌዳ ላይ የአገራችንን ስም በኛ ፊደል ጽፎታል፣ «ጵ» ግን ተዘላ «ኢትዮያ» ሆኗል። ሴቷ ልጄ አይታ ለኔ ነገረችኝ፣ ንገሪው አልኳት፣ እያፈረች ነገረችው። ሰውዬው ቀለሙንና ብሩሹን አምጥቶ ሰጣት፣ ቁጭ ብላ ከላይ በኩል ጭረት ሠርታ «ጵ»ን ጨመረችለት፣ ከዚያ የሷን ስም፣ የሱን ስም፣ የልጅ ልጆቹን ስም ሁሉ አጻፋት። ክፍል ውስጥ በአማርኛ ፈተና የምትነጫነጭ ልጅ እኮ ናት! ጾም ከሆነባችሁ ደግሞ አይታል የሚሉትን ምግብ ጠይቁ፣ ራስታዎቹ ሥጋ የሌለበት ነው የሚሠሩት፣ ሩዝ በቀይ ባቄላና በኮኮናት ወተት የሚሠሩትም አለ፣ ልጆቼ ከመርከቡ ባፌ ይልቅ እሱን ወደዱት። አንድ ነገር ግን፣ ጥቅምት 2018 ላይ ሜሊሳ የሚባለው አውሎ ነፋስ ጃማይካን ክፉኛ መትቷታል፣ ልታዩት ያሰባችሁት ቦታ ሥራ መጀመሩን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ካይማን ላይ ብዙ አልልም። መርከቡ ከዳር አይደርስም፣ በትንንሽ ጀልባ ነው የሚያወርዱሽ፣ ስለዚህ የመጨረሻው ጀልባ የሚነሣበትን ሰዓት እንጂ የመርከቡን መነሻ አትዪ። ስቲንግሬይ ሲቲ የሚባል ቦታ ባሕሩ መሀል ወገብ የሚደርስ አሸዋ ላይ ቆመሽ እንደ ሰፌድ ጠፍጣፋ የሆኑ ዓሦች እግርሽ ሥር ይዋኛሉ፣ ድሮ ዓሣ አጥማጆች እዚያ ዓሣ እየጠረጉ ሲጥሉላቸው ነው የለመዱት ይባላል። እግርሽን ሳታነሺ እየጎተትሽ ሂጂ፣ እንዳትረግጫቸው። ዋና ስለማንችል ሦስታችንም ላይፍ ጃኬት ለብሰን ነው የገባነው፣ ልጆችሽ ጎረምሶች ናቸውና እናፍራለን ቢሉሽ አትስሚያቸው። የካይማን ዶላር ከአሜሪካው ይበልጣል፣ 10 የሚል ዋጋ ካየሽ ወደ 12 የአሜሪካ ዶላር ነው፣ እኔ ሁለት ቲሸርት ከገዛሁ በኋላ ነው የነገሩኝ።

የልጆቹ ትምህርት የሚዘጋበት ክረምት ደግሞ እዚያ የአውሎ ነፋስ ወቅት ነው፣ በፈረንጆች ከጁን እስከ ኖቬምበር መጨረሻ። መርከቡ በአየር ምክንያት አንዱን ወደብ ዘሎ ሊያልፍ ይችላል። በመርከቡ በኩል የገዛሽው ጉብኝት ብሩ ይመለስልሻል፣ ከውጪ ሰው ከገዛሽ ግን ወደብ ቢዘለል ትመልሳላችሁ ወይ ብለሽ ሳትጠይቂ አትክፈዪ።

የልጆቹን ፍላጎት በተመለከተ፣ እኔ የሠራልኝ ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ወደብ መስጠቴ ነው፣ ሴቷ ጃማይካን መረጠች፣ ወንዱ ኮዙሜልን፣ ካይማን የኔ ሆነ፣ የሌላው ቀን ላይ ማንም አያጉረመርምም ተባባልን። መርከቡ ውስጥ የጎረምሶች ክበብ አለ፣ አንዳንዶቹ ከ12 እስከ 14 እና ከ15 እስከ 17 ብለው ይለያሉ፣ ያንቺ ልጆች አንድ ላይ ላይገቡ ይችላሉ ማለት ነው፣ ለትንሹ አስቀድመሽ ንገሪው፣ የኔዋ በመጀመሪያው ማታ አኩርፋ ነው ያደረችው።

የመርከቡን ፕሮግራም ፎቶ አንሥተሽ በውስጥ ላኪልኝ፣ መነሻ ወደቡና ቀኑ ከታየኝ የእያንዳንዱን ወደብ ሰዓት ከመርከቡ ሰዓት ጋር አስተያይቼ በኛ አቆጣጠር ጽፌ እልክልሻለሁ። ልጄም አጠገቤ ነው፣ ያንቺን የ17 ዓመት ልጅ ስልክ ቁጥር ስጪኝና ላናግረው እያለ ነው።