ሞኒተሩን አይመልሱት፤ መጀመሪያ መሰኪያውንና ገመዱን ይፈትሹ

ጥያቄዎ ይህ ነው፦ አዲሱ 27 ኢንች 4ኬ ሞኒተር ከዩኤስቢ ሲ ወደ ኤችዲኤምአይ በሚቀይር አዳፕተር ከላፕቶፑ ጋር ሲያያዝ «ኖ ሲግናል» ይላል። በኤችዲኤምአይ ገመድ በቀጥታ ሲሰካ ምስል ያመጣል፤ ግን ማውሱ እየተቆራረጠ ይሄዳል፣ ፊደሉም ደቃቃ ነው፣ ሪዞሉሽኑ ሲቀነስ ደግሞ ይደበዝዛል።

በአንዱ መንገድ ምስል ካመጣ ሞኒተሩ ደህና ነው። ያሉት የተለያዩ ችግሮች ስለሆኑ አንድ ላይ አያምታቷቸው።

ዩኤስቢ ሲ የመሰኪያው ቅርጽ ስም ነው፤ ምን እንደሚሠራ አይነግርዎትም። አንዱ ዳታ ብቻ ያስተላልፋል፣ ሌላው ቻርጅም ያደርጋል። ምስል የሚያወጣው ዲስፕሌይፖርት ኦልት ሞድ (በዩኤስቢ ሲ በኩል ምስል የማውጣት አቅም) ያለው ወይም ተንደርቦልት (ዳታና ምስል የሚያስተላልፍ ፈጣን የመሰኪያ ዓይነት) የሆነው ነው። መሰኪያው አጠገብ ያለው ምልክት ሊረዳ ይችላል፤ ግን ብዙ ላፕቶፖች ምልክት ስለማያደርጉ፣ ሙሉውን የሞዴል ቁጥር ይዞ የአምራቹን ዝርዝር ማየት ይሻላል። መሰኪያው ምስል የማውጣት አቅም ከሌለው አዳፕተር ቢቀያይሩ ገንዘብ ማባከን ነው። ልዩ የሆነው ዲስፕሌይሊንክ ቺፕ ያለው አዳፕተር ነው፤ ድራይቨር (መሣሪያውን የሚያሠራ ሶፍትዌር) ተጭኖለት በተራ ዩኤስቢም ይሠራል፣ ግን ፕሮሰሰሩን ስለሚያደክም ለጽሑፍ ሥራ እንጂ ለጌም አይሆንም።

አቅሙ ኖሮት ዝም ካለ፣ በሞኒተሩ ቁልፎች ትክክለኛው ኢንፑት መመረጡን ይዩ። ከዚያ የዊንዶውስ ቁልፍን ከፒ ጋር ተጭነው «ኤክስቴንድ»ን ይምረጡ። ካልሆነ ዊንዶውስ፣ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ቢን አንድ ላይ ይጫኑ፤ የግራፊክስ ድራይቨሩ እንደገና ይነሳል። የሞኒተሩን የኃይል ገመድ ለአንድ ደቂቃ ነቅሎ መመለስም ብዙ ጊዜ ይፈታዋል።

የማውሱ መቆራረጥ ምክንያት ሌላ ነው፤ በእርግጠኝነት ማለት ይቻላል 30 ኸርዝ ላይ ነው ያሉት፣ ማለትም ምስሉ በሰከንድ 30 ጊዜ ብቻ ይታደሳል። የኤችዲኤምአይ 1.4 ስሪት በ4ኬ ከ30 ኸርዝ አያልፍም፤ ለ60 ኸርዝ የ2.0 ስሪት ያስፈልጋል። ላፕቶፑ፣ ገመዱና ሞኒተሩ ሦስቱም መቻል አለባቸው፤ ከሦስቱ አንዱ ከደከመ ሁሉም በእሱ ልክ ይወርዳል። በሴቲንግ ውስጥ ሲስተም፣ ዲስፕሌይ፣ አድቫንስድ ዲስፕሌይ ብለው ሪፍሬሽ ሬቱን (የኸርዙን ቁጥር) ይዩ። 60 ከሌለ ለሙከራ ሪዞሉሽኑን ወደ 2560 በ1440 ያውርዱት። ያኔ 60 ብቅ ካለ የጠበበው የዳታ መተላለፊያው ነው ማለት ነው። ቀጥሎ የሞኒተሩን ሜኑ ይክፈቱ፤ አንዳንዶቹ ኤችዲኤምአዩን በ1.4 አድርገው ስለሚመጡ ወደ 2.0 መቀየር ይጠይቃል። ይህ ብዙ ሰው የሚዘለው ነጥብ ነው። ከዚያ ገመዱ፦ «ፕሪሚየም ሃይ ስፒድ» የተባለው በሰከንድ 18 ጊጋቢት ያስተላልፋል፤ ከ2 ሜትር ባይበልጥ ይመረጣል። የላፕቶፑ መሰኪያ ራሱ 1.4 ከሆነ ግን ገመድ አያድነውም።

ለፊደሉ ሪዞሉሽን አይቀንሱ። ሞኒተሩ ጥርት ብሎ የሚታየው በራሱ 3840 በ2160 ሲሠራ ብቻ ነው፤ በሌላ ልክ ፒክስሎቹ እርስ በርስ ስለማይገጥሙ ይደበዝዛል። ሪዞሉሽኑን እንዳለ ትተው ስኬሉን (የፊደሉን መጠን ማስተካከያ) 150 በመቶ ያድርጉት።

ሌላ ገመድ ከመግዛትዎ በፊት አቅጣጫውን ይጠንቀቁ። ከዲስፕሌይፖርት (ሌላ የምስል መሰኪያ ዓይነት) ወደ ኤችዲኤምአይ የሚሄድ ተራ ገመድ በተቃራኒው አይሠራም፤ ላፕቶፑ በኩል ኤችዲኤምአይ፣ ሞኒተሩ በኩል ዲስፕሌይፖርት አድርገው ቢሰኩት ጥቁር ስክሪን ነው የሚያዩት።

የዩኤስቢ ሲ መሰኪያዎ ምስል የሚያወጣ ሆኖ ከተገኘ ደግሞ ሃብ (አንዱን መሰኪያ ወደ ብዙ የሚያበዛ መሣሪያ) ውስጥ አይግቡ። ብዙ ሃቦች ግማሹን መስመር ለዩኤስቢ ስለሚወስዱት 4ኬን መልሰው ወደ 30 ኸርዝ ይጥሉታል። ለዚህ ሞኒተር ከዩኤስቢ ሲ ወደ ዲስፕሌይፖርት የሚሄድ አንድ ወጥ ገመድ ከሁሉም ይሻላል።